ጉዳዩ፦ ከቤት ሆኖ ስለ መሥራትና በአንድ ጣሪያ ሥር ስላሉት ሁለት ትውልዶች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከቤት ሆኖ ስለ መሥራት ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ዕድሜ ይሄዳል። ታላላቆች «ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ እንጂ አይሠሩም» ይላሉ፤ ልጆቹም በበኩላቸው «ኮምፒውተር የእነሱ ዘመን ነገር አይደለም» ብለው ያልፏቸዋል። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃን፣ በሒሳብ፣ በትርጉም፣ በጽሕፈትና በሶፍትዌር ከቤት ሆነው የሚሠሩ ሰዎችን እያሠለጠንን ለምናስተባብር ለእኛ ሁለቱም አባባል ልክ አይደለም። የርቀት ሥራ አብዛኛው መጻፍ ነው። አሟልቶ መጻፍን ታላላቆች ያውቃሉ፤ መሣሪያውን ልጆች ያውቃሉ። ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚያደርጓቸው ደግሞ ትንንሽ፣ በእጅ የሚዳሰሱ፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

በጣም ከሚያስቸግረው ከሰዓት እንጀምር። አንድ ወጣት አስተባባሪ ስልኩ ላይ ለሐሙስ 3:00 ስብሰባ ይይዛል። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ያ ማለት ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ 9 ሰዓት ነው። በቴሌግራም ግን «ሐሙስ 3:00» ብሎ ብቻ ይልካል። መልእክቱ የደረሳቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቁርሳቸውን ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ላፕቶፑን ከፍተው ይቀመጣሉ። ማንም የለም። ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይዘጉታል። ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ሲጀመር እሳቸው ለቅሶ ቤት ናቸው፤ በቃለ ጉባኤው ላይም «አልተገኙም» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ «ሰውዬው ለዚህ ሥራ አይሆኑም» ይባላል። ያላስተዋሉት ነገር ግን የለም፤ የተጻፈላቸውን ሰዓት አክብረዋል።

ስለዚህ ስብሰባ ሲጠራ ቀኑ በስሙ፣ ወሩ በፊደል፣ ሰዓቱም ከነጠዋቱ ከነማታው ይጻፍ፦ «ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ በስልክ ሰዓት 9:00»። ወር በቁጥር አይጻፍ። «10/2» ለአንዱ ጥቅምት 10፣ ለሌላው ፌብሩዋሪ 10፣ ለሦስተኛው ኦክቶበር 2 ነውና። ስልክና ላፕቶፕ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ ይደረጉ፤ ያኔ ጠዋቱ 9:00፣ ከሰዓቱ 15:00 ሆኖ ስለሚታይ መደናገሩ በአብዛኛው ይቀራል። ከአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ጋር የሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ እኛ አናዛውርም። በክረምታቸው ልዩነታችን 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። በኒውዮርክ ጠዋት 10:00 የሚደረግ ስብሰባ በክረምታቸው ለእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በበጋቸው 11 ሰዓት ላይ ይመጣል። ዝውውሩ የሚሆነው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ፣ እንደገና ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስብሰባ የሚያመልጠው ወጣቱም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጽሑፉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍበት ሥርዓት አለው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ከማን፣ ጉዳዩ፣ ፍሬ ነገሩ፣ ፊርማ፣ ግልባጭ። ወጣቶች ይህን የቢሮክራሲ ትርፍ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ተቃራኒውን እናምናለን። ይህ ሥርዓት የተፈጠረው አንዱ ደሴ፣ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ሳይተያዩና በአንድ ሰዓት ሳይገናኙ አንድ ጉዳይ እንዲጨርሱ ነው። የርቀት ሥራም ከዚህ የተለየ ነገር አይጠይቅም።

ልዩነቱን በቅርብ እንየው። ወጣቱ በቴሌግራም ይጽፋል፦ «ጋሼ ሰላም»። ከሁለት ደቂቃ በኋላ፦ «ያቺ ነገር እንዴት ሆነች»። ቀጥሎ፦ «ቶሎ ብትልኩልን»። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻውን የቆመ የጥያቄ ምልክት። ጋሼ የትኛዋ ነገር እንደሆነች አላወቁም። ይደውላሉ፤ ልጁ ሌላ ስብሰባ ላይ ስለሆነ አያነሣም። እሱ ሲደውል እሳቸው ጸሎት ላይ ናቸው። ግማሽ ቀን አለቀ። ይኸው መልእክት በአባቶች ሥርዓት ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ጉዳዩ፦ የመስከረም ወር የግዢ ሰንጠረዥ። ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። በገጽ 4 ያለው ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አልተገናኘም። የ12ኛውንና የ13ኛውን መስመር ደረሰኞች ፎቶ እስከ ነገ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ይላኩልኝ። ካልተገኙም ይንገሩኝ፤ በሌላ መንገድ እንዘጋዋለን። ግልባጭ፦ ለግዢ ክፍል።» ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ለመመለስ ስልክ መደወል አያስፈልግም፤ ከሦስት ወር በኋላ «ማን ምን አለ» የሚል ጥያቄ ቢነሣም መልሱ እዚያው አለ።

ታላላቆችም የሚያርሙት አላቸው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢው ፍሬ ነገሩን አራተኛው መስመር ላይ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ በስልክ ለሚያነብ ሰው ደግሞ አራተኛው መስመር ሩቅ ነው። ከዚያ የባሰው ማህተም ነው። ወረቀቱን አትመው፣ ፈርመው፣ ማህተም አስመትተው፣ በስልክ ፎቶ አንሥተው ይልኩታል። ፎቶው ጎኑ ተቆርጦ ወይም ደብዝዞ ይመጣና ሌላው ወገን እንደገና ይተይበዋል። የትኛው ነገር ፊርማና ማህተም እንደሚፈልግ (ውል፣ የክፍያ ማዘዣ፣ ርክክብ) በጽሑፍ ይለይ፤ ከዚያ ውጭ ያለው በመልእክት የተሰጠ ውሳኔ እንደ ውሳኔ ይቆጠር።

አንተና እርስዎም ቀላል ነገር አይደለም። የ26 ዓመት አስተባባሪ ለ58 ዓመት ባልደረባው «ላክልኝ» ብሎ ሲጽፍ ፊት ለፊት ቢሆን ድምፁ ያለሰልሰው የነበረው ቃል በጽሑፍ ደርቆ ይቀራል። ብዙ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ታላላቆች ዝም የሚሉት በዚህ ነው። ስብሰባም እንዲሁ ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅ ቀድሞ ይናገራል፣ ወይም ሲጠየቅ ይናገራል። ዙም ላይ ግን ማይኩን ቀድሞ የከፈተ ይናገራል፤ የሚከፍተው ልጅ ነው። ሰብሳቢው ተራ በተራ በስም ቢጠራ፣ «እትዬ፣ የእርስዎን ሐሳብ እንስማ» ቢል፣ ዝም ካሉት ሰዎች የሚገኘው ብዙ ነው።

ፋይል መላላክ ላይ የሚፈጠር አንድ ችግር አለ፤ በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለ ሌላ መጠራጠር ያስከትላል። ቀድሞ በኮምፒውተር አማርኛ የተጻፈው በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ ቢሮ በአሮጌው የግዕዝ ፎንት ሲጽፍ ኖሯል። አሮጌው ፎንት ፊደሉን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ፎንቱ የሌለበት ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ልጁ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል፤ ላኪው «እኔ ጋ በደንብ ይታያል» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ይበቃል። እንዲታረም ከተፈለገ ግን ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ በመቀየሪያ ይዛወራል፤ ከተዛወረ በኋላም አራት ነጥቦች፣ ቁጥሮችና የተደባለቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳቱ አንድ ሰው ከዋናው ጋር እያስተያየ ማንበብ አለበት። ለዚህ ዋናውን ጽሑፍ የጻፈውን አዛውንት የሚያክል ሰው አይገኝም።

ከፎንቱ ባልተናነሰ ሥራ የሚያቆመው የስልክ ቁጥር ነው። የአባት የኢሜይልና የቴሌግራም አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በልጅ እጅ፣ በልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ልጁ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ቁጥሩን ይቀይራል፣ ወይም ሲሙ ይጠፋል። አንድ ቀን ሲስተሙ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። አባት ከሥራቸው ውጭ ይቆለፋሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ አድራሻ በባለቤቱ ቁጥር ይመዝገብ፤ ስልኩ ሲጠፋ ለመግባት የሚያገለግሉት የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ታትመው ከመታወቂያ ጋር ይቀመጡ። የይለፍ ቃል በደብተር መጻፍ ልጆችን ያስቃቸዋል፤ ቤት ውስጥ በተቆለፈ ሳጥን ያለ ደብተር ግን ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ከመጠቀም ይሻላል።

መነጽርስ? ከ40ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ዓይን ቅርቡን ለማየት ይቸገራል። የማንበቢያ መነጽር የሚለካው ለመጽሐፍ፣ ማለትም ለ40 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ነው። የላፕቶፕ ስክሪን የሚቀመጠው ግን በ60 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰውየው አንገታቸውን አስግገው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሳቸውንና ማጅራታቸውን ያማቸዋል፤ «ኮምፒውተር አይስማማኝም» ብለው ይተዉታል። መነጽር ቤት ሲሄዱ ከስክሪን እስከ ዓይናቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይዘው ይሂዱና በዚያው ይለካላቸው። እስከዚያው ጽሑፉን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ማሳደግ፣ የክፍሉን መስኮት በጎን እንጂ በጀርባ ወይም ፊት ለፊት አለማድረግ ይረዳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ትውልዶች የሚጫናቸው የተለያየ ነው። ልጅ ይላካል፣ አዛውንት ይጎበኛል። እናት «ልጄ ቤት ነው ያለው» ካለች ልጁ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ሲሊንደር ይሸከማል፣ እንግዳ ይቀበላል። ቢሮ ቢሆን ኖሮ ማንም በ4 ሰዓት አይጠራውም ነበር። አባት ደግሞ ቤት መዋላቸው ከታወቀ ሽምግልናውም፣ የዕድሩ ሒሳብም፣ ምክር ፈላጊውም ሳያስታውቅ ደጃቸው ይመጣል። ለቀብር አለመውጣት በዕድር ያስቀጣል፤ «ሥራ ላይ ነበርኩ» የሚለው ምክንያትም ቤት ለተቀመጠ ሰው አይሠራም። በደንብ ሲሠራ ያየነው ስምምነት ይህ ነው፦ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቤት እንደሌለ ሰው መቆጠር። ይህን ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለዕድሩ ጸሐፊ ሥራው ሲጀመር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ ሲነገር ንቀት ይመስላል። ቡናው ከ6 ሰዓት በኋላ ይፈላ። ቀድሞ ከፈላም አቦሉን ጠጥቶ መነሣት ነውር እንዳይሆን ቤተሰቡ ይስማማ። ቶናና በረካ ሲጨመሩ ሰዓቱ ይሄዳልና።

በነገራችን ላይ «ከቤት የሚሠራ» ሲባል ብዙ ታላላቆች የሚሰሙት «የቤት ሠራተኛ» ነው፤ ልጃቸው ተምሮ ለምን ወደዚያ እንደወረደ ይጨነቃሉ። ልጆች ይህን አያቅልሉት፤ ውላቸውን አውጥተው ያሳዩ፣ ያስረዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ውል ራሱን የቻለ ድንጋጌ አለው። ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ ሆኖ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይመራውና ሳይቆጣጠረው፣ ለደመወዝ የሚሠራው ሥራ ነው። «በቀጥታ ሳይቆጣጠረው» የሚለውን አለቆችም ያስተውሉት። በሰዓት ፊርማ ያደጉ አለቆች ካሜራ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን ሲሉ የፊርማውን መዝገብ ወደ ስክሪን ማዛወራቸው ነው። ወጣቱ እንደ ጥርጣሬ ይወስደዋል፤ ዳታውም ያልቃል፤ ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ሲበላ በድምፅ ብቻ የሚደረገው ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ታላላቆች ግን ያለ ፊርማ መዋል ያሳቅቃቸዋል፤ መሥራታቸው የሚታወቅበት ነገር ይፈልጋሉ። ጠዋት አንድ መስመር «ዛሬ የምሠራው»፣ ማታ አንድ መስመር «የጨረስኩት፣ ያልጨረስኩት፣ የገታኝ» ተብሎ ቢጻፍ ለሁለቱም ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስለ መሥራት በዝርዝር መጻፍ የፈለግነው ስሕተቱ ገንዘብም ነፍስም ስለሚያስከፍል ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ ራውተር አንድ ላይ ወደ 50 ዋት ይፈጃሉ። 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት አለው፤ የሊድ-አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ አይወሰድም። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ስለሚያባክን በእጅ የሚገባው 500 ዋት-ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የ10 ሰዓት ሥራ ነው። ይህም በሞቃት ክፍል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስላለች በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪው አምስተኛውን ያህል አቅሙን ሊያጣ ይችላል፤ 8 ሰዓት ብለው ያቅዱ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ለዚህ አይሆንም፤ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ እንጂ ቀስ እያለ እስከ ታች እንዲወርድ አልተሠራም፤ በጥቂት ወራት ይሞታል። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይቀመጥም። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቻርጀሩን ነቅሎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ላሉት ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ላፕቶፕን የሚጎዳው ሙቀት ስለሆነ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት መተንፈሻውን ይደፍነዋል።

ከሰል። ሌሊት ከውጭ ደንበኛ ጋር የሚሠራ ልጅ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ድምፅ እንዳይገባ ቀዳዳውን በጨርቅ ደፍኖ፣ እግሩ ሥር ምድጃ ያስቀምጣል። እናትም አዝና ጨምራ ታመጣለታለች። ደጅ ላይ ጭሱ ወጥቶለት ፍም ስለሆነ ብቻ ከሰል ደህና አይሆንም፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም፤ ከፍሙም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ሥራ የደከመው አይምሰለው፤ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ፈጽሞ አይግባ። ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሙቅ ውኃ የያዘ የተዘጋ ጠርሙስ ከብርድ ልብስ ሥር በቂ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ታላቅም ታናሽም እኩል ይሳሳታል።

የቆርቆሮ ጣሪያ በሐምሌ ዝናብ ስብሰባ ያቋርጣል፤ ኮርኒስ ካለ ይሻላል፤ ከሌለ ማይክ ዘግቶ በጽሑፍ መመለስ ነው። ኔትወርክም አንዳንዴ ከሠራተኛው አቅም በላይ ይሆናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ መጓዝ የቻለው ወጣት አዲስ አበባ ገብቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ቤተሰብና ቤት የያዛቸው ታላላቆች ግን ሥራውን አጡት። ስለዚህ ኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ውል ውስጥ ይግባ፦ ስንት ቀን ይጠበቃል፣ በፍላሽ የሚላክ ነገር አለ ወይ፣ ክፍያው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጋዜጣዎ እንጠይቃለን። በሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ከቤት የሚሠራ ሥራ ሲወጣ «ዕድሜ ከ30 ዓመት ያልበለጠ» የሚል መስመር እየታየ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጻፍና የሚታረም ሥራ ይህን ገደብ የሚፈልግበት ምክንያት አይታየንም። ማስታወቂያ አስነጋሪዎችን ስለ ምክንያቱ ብትጠይቁልን፣ በዚያ መስመር ቦታም እነዚህ ቢጻፉ ደስ ይለናል፦ የሥራ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ፣ የዳታውንና የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚችል፣ የአማርኛ ጽሑፉ በዩኒኮድ መሆን አለመሆኑ፣ መልእክት በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚጠበቅበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ አንባቢዎች፣ ከደብረ ብርሃን